ቴዎዶር ካሉዛና አምስተኛው አውታረ መጠን

የፊዚክስ ተማሪዎች ስለ አይንስታይን ሲነጋገሩ ሁላችንም ጆሯችንን እናቀናለን። የቴዎዶር ካሉዛ ስም ሲነሣ ግን ለእኛ ለሥነ ጽሑፍና ለታሪክ ተማሪዎች እንግዳ ይሆንብናል። ይሁን እንጂ የዚህ ሊቅ ሕይወት ማናቸውንም ተማሪ የሚመለከት ነውና ባጭሩ ልተርከው አሰብሁ። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ካሉዛ ኖቬምበር 9 ቀን 1885 ዓ.ም. በኦፖሌ ከተማ አጠገብ ተወለደ። ቦታው ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ሲሆን ያን ጊዜ የጀርመን ግዛት ነበር። በኮኒግስበርግ አድጎ፥ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ተምሮ፥ በዚያው መምህር ሆነ። መምህርነቱ ግን ቋሚ ደመወዝ የሌለው ነበር፤ የሚያገኘው ተማሪዎቹ የሚከፍሉትን ጥቂት ገንዘብ ብቻ ነው። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ በዚህ ማዕረግ ሃያ ዓመት ያህል ቈየ።

ልጁ በኋላ እንደ ተረከው፥ ካሉዛ ዕድሜው ሠላሳ ካለፈ በኋላ ዋናን ከመጽሐፍ አንብቦ ተማረ፤ ወደ ውኃ በገባበት በመጀመሪያው ቀንም ዋኘ። በሐሳብ ኃይል ይህን ያህል የሚታመን ሰው ነበር።

በ1919 ዓ.ም. አንድ ጽሑፍ ለአይንስታይን ላከ። አይንስታይን ስበትን የገለጸው በአራት አውታረ መጠን ነው፤ እነዚህም ርዝመት፥ ወርድ፥ ከፍታና ጊዜ ናቸው። ካሉዛ በዚህ ላይ አንድ አምስተኛ ጨመረ። የሒሳቡ መጠኖች ከዐሥር ወደ ዐሥራ አምስት ከፍ አሉ፤ ዐሥሩ ስበትን ሲገልጹ፥ ከቀሩት አራቱ የኤሌክትሪክንና የማግኔትን ሕግ ሆነው ተገኙ። ሁለት የተለያዩ ይመስሉ የነበሩ ኃይሎች በአንድ ቀመር ተያያዙ።

አይንስታይን በጽሑፉ ተደነቀ፤ ነገር ግን አመነታ። ጽሑፉ በበርሊን የሳይንስ አካዳሚ የቀረበው ከሁለት ዓመት በላይ ቈይቶ በዲሴምበር 1921 ዓ.ም. ነው። ካሉዛም እስከዚያ ድረስ ታገሠ።

አንድ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ። ይህ አምስተኛ አውታረ መጠን ካለ ስለ ምን አናየውም? በ1926 ዓ.ም. የስዊድኑ ኦስካር ክላይን መልስ ሰጠ፤ በጣም አንሶ ስለ ተጠቀለለ ነው አለ። ከጉና ራስ ላይ ሆኖ ቍልቍል ለሚመለከት ሰው ወፍራም ገመድ ቀጭን መሥመር መስሎ ይታየዋል፤ በገመዱ ላይ የምትሄድ ጉንዳን ግን ዙሪያውን ታውቀዋለች። የክላይን ክበብ ታናሽነት አንድን ሴንቲ ሜትር ሠላሳ ዜሮ ላለው ቍጥር እንደ ማካፈል ያህል ነው።

ካሉዛ በአይንስታይን ድጋፍ በ1929 ዓ.ም. በኪል ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1935 ዓ.ም. ወደ ጌቲንገን ተዛወረ። በዚያም ጃኑዋሪ 19 ቀን 1954 ዓ.ም. አረፈ።

ጥያቄው ግን ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። በ1983 ዓ.ም. ሩባኮቭና ሻፖሽኒኮቭ የተባሉ ሁለት የሶቪየት ሊቃውንት ሌላ መልስ አመጡ። ተጨማሪው አውታረ መጠን ሰፊ ሊሆን ይችላል፤ እኛ የተሠራንበት ቍስ ግን በውስጡ ባለ ስስ ገጽ ላይ ተይዞ ይኖራል አሉ። ከጉና የሚወርደው የርብ ውኃ በሸለቆው ውስጥ ሮጦ ጣና ይገባል፤ ገደሉን ግን አይወጣም። ቍስም እንዲሁ ነው፤ በገጹ ላይ እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል፥ ከገጹ ለመውጣት ግን ብርቱ ኃይል ያስፈልገዋል። በ1999 ዓ.ም. ሊዛ ራንዳልና ራማን ሰንድረም ስበትም ራሱ በገጹ አጠገብ ሊታቀብ እንደሚችል በሒሳብ አሳዩ።

እስከ ዛሬ ድረስ ይህን አምስተኛ አውታረ መጠን በሙከራ ያገኘው የለም። ካሉዛ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም፥ ውድ አንባቢ፥ ደመወዝ የሌለው መምህር የጠየቀው ጥያቄ መቶ ዓመት አልፎትም ሊቃውንቱን አላስተኛቸውም። ከእኛም መካከል ምን ይጠቅምሃል የሚባል ትምህርት የያዘ ቢኖር ይህን ሰው ያስታውስ።