የሰማይን ጫጫታ ያዳመጠው መሐንዲስ፤ ካርል ጃንስኪ

በክረምት ማታ በካዛንቺስ የአጭር ሞገድ ራዲዮ ለመስማት የሞከረ ሰው፣ ነጎድጓዱ በቀረበ ቁጥር ራዲዮው እንዴት እንደሚንጫጫ ያውቃል። እኛም ብዙ ጊዜ ተማርረን ዘግተነዋል። ካርል ጃንስኪ ግን ይህንኑ ጫጫታ እንዲመረምር ደመወዝ ተቆርጦለት የተቀጠረ ሰው ነበረ።

ጃንስኪ በአሜሪካን አገር በኦክላሆማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 ተወለደ፤ ከዚህ በታች የምንጽፋቸውም ዓመታት እንዲሁ ናቸው። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምሮ፣ በኩላሊት ሕመም እየተሠቃየ፣ በ1928 በቤል የቴሌፎን ኩባንያ ቤተ ሙከራ ሥራ ያዘ። ኩባንያው ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚደረገውን የራዲዮ ቴሌፎን ንግግር የሚያውከው ጫጫታ ከወዴት እንደሚመጣ ለማወቅ ይፈልግ ነበር። ጃንስኪም በኒው ጀርሲ ገጠር 30 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አንቴና ሠርቶ በፎርድ መኪና ጎማዎች ላይ አቆመው፤ አንቴናው በየ20 ደቂቃው አንድ ጊዜ ይዞር ነበር። ብዙ ወራት ካዳመጠ በኋላ ጫጫታውን ለሦስት ከፈለው። አንደኛው የቅርብ ነጎድጓድ፣ ሁለተኛው የሩቅ ነጎድጓድ ነው፤ ሦስተኛው ግን ምንጩ የማይታወቅ፣ ሳያቋርጥ የሚያፏጭ ደካማ ድምፅ ሆነ።

በመጀመሪያ ከፀሐይ የሚመጣ መስሎት ነበር። ነገር ግን ድምፁ የሚበረታበት ሰዓት በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል እየቀደመ ሄደ። በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ዞረው ወደ ቦታቸው የሚመለሱት ደግሞ ከዋክብት ናቸው። ስለዚህ በ1933 ድምፁ ከፍኖተ ሐሊብ፣ ይኸውም የአገራችን ሊቃውንት ቀውስ ከሚሉት ኮከብ በኩል እንደሚመጣ አስታወቀ።

ያሳዘነን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጃንስኪ ነገሩን አጥብቆ ለመመርመር 30 ሜትር ስፋት ያለው እንደ ሳሕን ያለ አንቴና እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ፤ ኩባንያው ግን ወደ ሌላ ሥራ አዛወረው። (በሒሳባቸው አልተሳሳቱም እንላለን፤ ከሰማይ የሚመጣውን ጫጫታ ማን ያጠፋዋል?) ጃንስኪ በ1950 በ44 ዓመቱ ሞተ።

በ1967 በካምብሪጅ ጆስሊን ቤል የተባለች ተማሪ ከሰማይ በየ1.3 ሰከንዱ የሚመታ የራዲዮ ምልክት አገኘች። ይህ ፑልሳር የተባለው ነው፤ ነዳጁን ጨርሶ የተጨመቀ ኮከብ እየተሽከረከረ ጨረሩን እንደ ወደብ መብራት ይወረውራል። ከሰፈራችን ሆነን በምናየው በእንጦጦ ተራራ ላይ ያሉት ሁለት ቴሌስኮፖች የሚቀበሉት ብርሃንን እንጂ ራዲዮን አይደለም፤ በአህጉራችን ግን የደቡብ አፍሪካው ሚርካት በ64 አንቴናዎች ፑልሳሮችን ይፈልጋል። የምልክታቸው ብርታት የሚለካበት መስፈሪያ ጃንስኪ ይባላል፤ የብዙዎቹ ብርታት የአንድ ጃንስኪ ሺኛ ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው።