ፋብሪሲየስ እና የዶሮዋ ከረጢት

ቄብ ዶሮ ሲበልቱ ከጅራቷ ሥር፣ ከኩስ መውጫዋ በላይ፣ ትንሽ ከረጢት አይተው ይሆናል። ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ከሆድ ዕቃው ጋር የምትጣል ናት። ዶሮዋ እያደገች ስትሄድ ከረጢቷ ስለምትሟሽሽ በአሮጊት ዶሮ ላይ አያገኟትም። በሕክምና መጻሕፍት የምትጠራው በጣሊያናዊው ሐኪም በጂሮላሞ ፋብሪሲየስ ስም ነው።

ፋብሪሲየስ የተወለደው አኳፔንደንቴ በምትባል ከተማ ነው። ፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከፋሎፒዮ ሥር ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1565 እዚያው የቀዶ ሕክምናና የአናቶሚ መምህር ሆነ። በ1603 በደም መልስ ሥሮች ውስጥ ያሉትን ትንንሽ መዝጊያዎች የሚገልጽ መጽሐፍ አሳተመ። መዝጊያዎቹን በትክክል አይቷል፤ ሥራቸውን ግን ስቷል። ደም በሰውነት ውስጥ እንደሚዞር በ1628 ያስረዳው ተማሪው ዊልያም ሃርቬይ ነው።

በዶሮም የሆነው ይኸው ነው። እንቁላል ከቀን ወደ ቀን እየከፈተ ጽንሱ እንዴት እንደሚያድግ ጻፈ፣ አሳለ። ከረጢቷንም አገኘ፤ የአውራ ዶሮ ዘር ማስቀመጫ መሰለችው። በ1619 ሞተ፤ መጽሐፉ የታተመው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ስህተቱ ሦስት መቶ ዓመት አልፎትም የከረጢቷ ሥራ አልታወቀም ነበር። በ1950ዎቹ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ብሩስ ግሊክ የተባለ ተማሪ ከረጢቷን ከጫጩቶች እያወጣ ሥራዋን ይፈልግ ነበር። ጓደኛው ቲሞቲ ቻንግ ለማስተማሪያ ዶሮ ሲያጥረው ከእነዚሁ ወሰደ። ጀርም ሲወጉ፣ ከረጢት ከሌላቸው አብዛኞቹ ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) አላመረቱም። ግኝቱ በ1956 የወጣው በዶሮ እርባታ መጽሔት ላይ ስለነበር የሰው ሐኪሞች ቶሎ አላስተዋሉትም።

ጫጩት ለመፈልፈል 21 ቀን ይፈጅባታል። በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ገና ያልበሰሉ ሕዋሳት በደም ተጉዘው ከረጢቷ ውስጥ ይገባሉ፤ አንቲቦዲ የሚሠሩ ነጭ የደም ሕዋሳት ሆነው የሚያድጉትም እዚያ ነው። ቢ ሴል የተባሉት ከከረጢቷ የላቲን ስም፣ ከቡርሳ፣ የመጀመሪያ ፊደል ተወስዶ ነው። እኛ ሰዎች ከረጢቷ የለችንም፤ ሥራውን የሚሠራልን የአጥንት መቅኒ ነው።

አልፎ አልፎ ቢ ሴል ሳይኖረው የሚወለድ ልጅ አለ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ከእናቱ ባገኘው አንቲቦዲ ደህና ይከርማል፤ ከስድስት ወር ገደማ ጀምሮ ግን የሳንባ ምችና የጆሮ መግል ይመላለስበታል። ተራ ጉንፋን መደጋገሙን ማለቴ አይደለም። የሳንባ ምች ሲደጋገምም ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው፦ የምግብ እጥረት ወይም የቤት ውስጥ ጭስ። የተለመደው የደም ቆጠራ ቢ ሴልን ለይቶ ስለማያሳይ፣ ውጤቱ ደህና ነው ቢባልም ልጅዎ ስንት ጊዜ በሳንባ ምች እንደታመመ ለሐኪሙ ይንገሩ። የአንቲቦዲ መጠን የሚለካው ምርመራ በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ከተላኩ የቀደሙትን ካርዶች ሁሉ ይዘው ይሂዱ።