አልፍሬድ ቬርነር፦ የፕላቲነምን ውሁድ ቅርጽ ያመለከቱ ሊቅ

ሲስፕላቲን የተሰኘው መድኃኒት በዘመናዊው የካንሰር ሕክምና ከፍተኛ ሥፍራ ከተሰጣቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። የመድኃኒቱ ማዕከል ፕላቲነም የተባለው ውድ ብረት ነው። የዚህን ውሁድ ትክክለኛ ቅርጽ ቀድመው ያመለከቱት የኬሚስትሪ ሊቅ አልፍሬድ ቬርነር ግን ዕውቀታቸው ለሕሙማን ሲደርስ ለማየት አልታደሉም።

ቬርነር እ.ኤ.አ ዲሴምበር 12 ቀን 1866 በአልዛስ ግዛት በምትገኘው የሙሉዝ ከተማ ተወለዱ። በወቅቱ በፈረንሳይ ሥር የነበረችው ከተማ በ1871 ከጦርነት በኋላ ወደ ጀርመን ተጠቃለለች። ቤተሰባቸው ግን በቤት ውስጥ በፈረንሳይኛ መነጋገሩን አላቋረጠም። ወጣቱ ቬርነር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ አቅንተው በ1890 ከዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በኋላም የስዊዘርላንድን ዜግነት አግኝተዋል።

በዘመኑ ኬሚስቶችን ያስጨነቀ አንድ እንቆቅልሽ ነበር። እንደ ኮባልትና ፕላቲነም ያሉ ብረቶች የመያያዝ ዐቅማቸው ያለቀ ሲመስል እንኳ ተጨማሪ የአሞኒያ ሞለኪሎችን ይዘው ይገኙ ነበር። ዴንማርካዊው ሊቅ ሶፉስ ዮርገንሰን አሞኒያዎቹ እንደ ሰንሰለት እርስ በርስ ተቀጣጥለው ከብረቱ ጋር እንደሚያያዙ ያስረዱ ነበር።

እንደሚነገረው ከሆነ መፍትሔው ለቬርነር የታያቸው በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነቅተው መጻፍ ጀመሩ፤ እስከ ማግሥቱ ከሰዓት በኋላም ብዕራቸውን አላስቀመጡም። በ1893 የታተመው ጽሑፋቸው ብረቱን በመሐል አድርጎ ሌሎቹን አቶሞችና ሞለኪሎች በዙሪያው በተወሰነ ሥርዓት ይደረድራቸዋል። ቬርነር ያን ጊዜ የ26 ዓመት ወጣት ነበሩ። በመስኩ የራሳቸው የቤተ ሙከራ ሥራ እምብዛም ስላልነበራቸው የተመረኮዙት በአብዛኛው ተቀናቃኛቸው ዮርገንሰን በጥንቃቄ በሰበሰቧቸው ውጤቶች ላይ ነበር።

በዚሁ ጽሑፍ ከተመለከቱት ውሁዶች መካከል ጣሊያናዊው ሚኬሌ ፔይሮኔ በ1840ዎቹ የሠሩት የፕላቲነም ውሁድ ይገኝበታል። ቬርነር ፕላቲነሙ በአራት ማዕዘን መሐል እንደተቀመጠ፣ በማዕዘኖቹም ሁለት ክሎሪንና ሁለት አሞኒያ እንዳሉ አስረዱ። ክሎሪኖቹ ጎን ለጎን ሲሆኑ አንድ ውሁድ፣ ፊት ለፊት ሲሆኑ ደግሞ ሌላ ውሁድ ይገኛል።

ሐሳቡ ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም። ቬርነር ከተማሪዎቻቸው ጋር በዙሪክ ለዓመታት ደከሙ። በ1907 ንድፈ ሐሳባቸው አስቀድሞ የተነበየውን ውሁድ ሠርተው ሲያሳዩ ዮርገንሰን መሸነፋቸውን ተቀበሉ። በ1913 ቬርነር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ይሁን እንጂ የአንጎል የደም ሥር ሕመም ጉልበታቸውን አደከመው፤ ኖቬምበር 15 ቀን 1919 በ52 ዓመታቸው ዐረፉ።

የፔይሮኔ ውሁድ ፈዋሽነት የታወቀው ከዚህ ብዙ ዓመታት በኋላ በአጋጣሚ ነው። በአሜሪካ የሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ባርኔት ሮዘንበርግ ኤሌክትሪክ በባክቴሪያ ላይ ያለውን ተጽዕኖ ሲመረምሩ ሕዋሳቱ ሳይከፈሉ እየረዘሙ መሄዳቸውን አስተዋሉ። ምክንያቱ ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ከፕላቲነም ዘንጎቹ የተፈጠሩ ውሁዶች ሆነው ተገኙ። ግኝቱ በ1965 ታተመ፤ ሲስፕላቲንም በ1978 በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ።

የቬርነር ሥዕል ትርጉም በዚህ ጊዜ ጎልቶ ወጣ። ሲስፕላቲን ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ጎን ለጎን ያሉት ክሎሪኖች ይለቃሉ፤ ፕላቲነሙም የዲኤንኤን ሁለት ተጎራባች ሥፍራዎች ጨብጦ ያጎብጠዋል። በዚህም የካንሰሩ ሕዋስ መባዛት ይሳነዋል። ክሎሪኖቹ ፊት ለፊት የሆኑበት ውሁድ ግን አንድ ዓይነት አቶሞች ይዞ ሳለ ለሕክምና አልበቃም።

መድኃኒቱ በተለይ የወንድ የዘር ፍሬ ካንሰር የያዛቸውን ብዙ ሕሙማን ከሞት ታድጓል። ኩላሊትንና የመስማት ችሎታን የሚጎዳ በመሆኑም ሳይንቲስቶች ካርቦፕላቲንና ኦክሳሊፕላቲንን የመሳሰሉ ተከታዮቹን ነድፈዋል። እነዚህም የተነደፉት በመሐል ያለውን ፕላቲነም ጠብቆ በዙሪያው ያለውን በመለወጥ ነው። ቬርነር ስለ ካንሰር መድኃኒት አላሰቡም፤ ለዛሬዎቹ ነዳፊዎች ግን መነሻውን ካርታ ትተውላቸዋል።