የደጋ አጋዘንን በቁጥር ያሳወቁት ሌስሊ ብራውን

ሌስሊ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1917 ሕንድ ውስጥ የተወለዱ ብሪታኒያዊ ነበሩ። ሙያቸው ግብርና ሲሆን፣ በናይጄሪያ ከሠሩ በኋላ በኬንያ የግብርና መሥሪያ ቤት ውስጥ እስከ 1963 ድረስ በኃላፊነት አገልግለዋል። የዱር አራዊትና የንስሮች ጥናት ከመደበኛ ሥራቸው ጎን ለጎን የያዙት ነበር።

በ1954 ፍላሚንጎዎች የሚፈለፈሉበትን ስፍራ ፍለጋ ወደ ናትሮን ሐይቅ ሄዱ። ጎጆዎቹን በቅርብ ለማየት በጨዋማው ጭቃ ላይ በእግር ተጓዙ፤ ሆኖም ጭቃው እግራቸውን ክፉኛ ስላቃጠለው ለሳምንታት ሆስፒታል ተኝተው ታክመዋል። ከዚያም በኋላ ጥናቱን አልተዉም፤ ከአውሮፕላን ላይ ሆነው ቀጠሉት።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ትኩረታቸው ወደ ኢትዮጵያ ዞረ። በ10 ሳንቲም ላይ ምስሉ የሚታየውን የደጋ አጋዘን የባሌና የአርሲ ነዋሪዎች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ የውጭው ሳይንስ ግን የመዘገበው በ1910 ነው። ከዚያ ወዲህ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ስለ ብዛቱ አስተማማኝ መረጃ አልነበረም። በአስታና በኮሶ ደን ውስጥ የሚሸሸግ እንስሳ በመሆኑ፣ ሊጠፋ የተቃረበ ነው የሚለው ግምት ሚዛን ደፍቶ ነበር።

ብራውን በ1960ዎቹ የሁለቱን አካባቢዎች ተራሮች እየተዘዋወሩ እንስሳው የት እንደሚውል፣ ምን እንደሚበላና በምን ያህል መንጋ እንደሚኖር መዘገቡ። ቁጥሩ ከ7,000 እስከ 8,000 እንደሚደርስ፣ ከዚያም ሊበልጥ እንደሚችል ገመቱ። ግምት እንጂ ቆጠራ አልነበረም፤ ቢሆንም ለጥበቃ ሥራ መነሻ የሚሆን መረጃ ተገኘ። በዲንሾ አቅራቢያ የሚገኘው የጋይሳይ ሜዳ እንዲጠበቅ ያቀረቡት ሐሳብም ለባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መመሥረት መንገድ ከፈተ። ፓርኩ በ1970 ሥራ ጀመረ።

በ1991 የመንግሥት ለውጥ ወቅት በጋይሳይ በርካታ አጋዘኖች ተገደሉ። አሁን በዓለም ላይ የቀሩት ከ4,000 ያነሱ እንደሆኑ ይገመታል፤ የሚኖሩትም በኢትዮጵያ ብቻ ነው።

ብራውን ይህን ሳያዩ በ1980 ኬንያ ውስጥ አረፉ። ፓርኩ ወሰኑ በደንብ ተደንግጎ ሕጋዊ ዕውቅና ያገኘው በ2014 ነው።