ዡል አርዱዋን ማንሳር

ተማሪዎች፣ አንድ ቤት የተሠራበት ዓላማ ሲለወጥ የሠሪው ድካም አብሮ ይጠፋልን? የዚህን መልስ ከአንድ ፈረንሳዊ አርክቴክት ሕይወት ታገኛላችሁ። ዘመናቱ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዡል አርዱዋን በ1646 ዓ.ም. በፓሪስ ተወለደ። አባቱ ሠዓሊ ነበር። የሕንፃን ጥበብ ግን የቀሰመው ከዘመዱ ከታዋቂው አርክቴክት ከፍራንስዋ ማንሳር ነው። ፍራንስዋ በ1666 ሲሞት ወጣቱ ንድፎቹን ወረሰ፤ ኋላም ማንሳር የሚለውን ስም በስሙ ላይ ጨመረ። በትጋቱም የንጉሥ ሉዊ 14ኛ ዋና አርክቴክት ለመሆን በቃ። በቬርሳይ ቤተ መንግሥት የሚገኘው ዝነኛው የመስተዋት አዳራሽ የእርሱ ሥራ ነው።

በ1685 ንጉሡ ዛሬ የቫንዶም አደባባይ በሚባለው ስፍራ ቤተ መጻሕፍትና አካዳሚዎች እንዲታነጹ አሰበ። ሆኖም ጦርነት ገንዘቡን ስለ ጨረሰው ሥራው ተቋረጠ፤ የተጀመረውም ግድግዳ በ1699 ፈረሰ። ማንሳር የፊተኛውን ንድፍ ትቶ ማዕዘኖቹ የተቆረጡ፣ ጠበብ ያለ አደባባይ ነደፈ። ከታች ቅስቶች፣ ከእነርሱ በላይ ሁለት ፎቅ የሚያክሉ ዓምዶች፣ ከላይም ባለ መስኮት ጣሪያ ተደረገ።

የአሠራሩን ስልት ልብ በሉ። አስቀድሞ የፊት ግድግዳው ብቻ ታነጸ፤ ከበስተጀርባው ያለው መሬት ግን እየተከፋፈለ ለባለጸጎች ተሸጠ። ገዢው ከግድግዳው በስተኋላ መኖሪያ ቤቱን እንደ ፈቃዱ መሥራት ይችል ነበር፤ የፊቱን መልክ ግን መለወጥ አይፈቀድለትም።

ማንሳር ቤቶቹ ሁሉ ተሠርተው ሳያልቁ በ1708 ሞተ። በአደባባዩ መካከል የቆመው የንጉሡ ሐውልትም በ1792 በአብዮቱ ዘመን ፈረሰ። የባለጸጎቹ መኖሪያዎች ከጊዜ በኋላ ወደ ንግድ ቤትነት ተለወጡ። በ1893 ቡሽሮን፣ በ1907 ደግሞ ሾሜ የተባሉት ጌጣጌጥ ሠሪዎች ሱቆቻቸውን በዚያ ከፈቱ። በቅስቶቹ ሥር አልማዝና ወርቅ ለገበያተኛ ታየ፤ ዓምዶቹና ጣሪያው ግን ማንሳር በነደፈው መልክ ጸንተው ቆዩ።

እንግዲህ ተማሪዎች፣ የቤት ጥቅም ከባለቤቱ ጋር ይለዋወጣል። መንገደኛው ሁሉ የሚያየው የቤት ፊት ግን የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የከተማው ሀብት ነው። በከተማችሁም አንድ አሮጌ መኖሪያ ቤት ሱቅ ሲሆን ብታዩ፣ በውስጡ ምን እንደሚሸጥ ከመጠየቃችሁ በፊት በፊቱ ምን እንደ ተረፈ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ።