መንትያው ደራሲና ባለሁለት ፊት መጻሕፍቱ

«ብሌድ ረነር»ን ወይም «ማይኖሪቲ ሪፖርት»ን ካያችሁ የፊሊፕ ኬ ዲክን ሐሳብ ቀምሳችኋል ማለት ነው። ሰውዬው ግን ሁለቱም ፊልሞች ለሕዝብ ሲቀርቡ በሕይወት አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1928 ቺካጎ ውስጥ ተወለደ፤ ጄን ከምትባል መንትያ እህቱ ጋር። ጊዜያቸው ሳይደርስ ነው የመጡት። ጄን ስድስት ሳምንት ገደማ ኖራ ሞተች፣ ኮሎራዶ ውስጥ ፎርት ሞርጋን ተቀበረች። ወላጆቻቸው መቃብሯ ላይ የእሱንም ስም ከጎኗ አስቀረጹ፤ የሞተበት ቀን ብቻ ባዶ ቀረ። አስቡት እስቲ፣ በቁሙ የመቃብር ድንጋይ ያለው ልጅ!

ካሊፎርኒያ አደገ፣ በርክሌይ ውስጥ ሙዚቃ ቤት ተቀጠረ፣ ከዚያ አጫጭር ልብወለድ መሸጥ ጀመረ። የመጀመሪያ ረጅም ልብወለዱ «ሶላር ሎተሪ» በ1955 ወጣ፤ ግን ብቻውን አልነበረም። ኤስ የተባለው የኒውዮርክ አሳታሚ ሁለት ልብወለድ በአንድ ጥራዝ ይሸጥ ነበር። አንዱን ጨርሳችሁ መጽሐፉን ስትገለብጡት ሌላ ሽፋን፣ ሌላ ደራሲ ታገኛላችሁ። የጀርባ ሽፋን ብሎ ነገር የለም። ዋጋው 35 ሳንቲም። የዲክ ጥንድ ሊ ብራኬት ነበረች፤ በኋላ የ«ስታር ዋርስ»ን ሁለተኛ ፊልም ከጻፉት አንዷ።

ዛሬ ሰብሳቢዎች ይፈልጓቸዋል። ንጹሑን ማግኘት ግን ከባድ ነው፤ ወረቀቱ ርካሽ ስለነበር ይበጫል፣ እንዴትም ብታስቀምጡት ደግሞ አንዱ ሽፋን ጠረጴዛ ላይ ይፋቃል።

ለዲክ እነዚህ መጻሕፍት የዳቦ ሥራ ነበሩ። አርታኢው ዶናልድ ዎልሃይም ርዕሱን ሳይቀር ይቀይርበት ነበር። እሱ የሚመኘው ስለ ተራ ሰው ኑሮ የሚጽፍ ቁም ነገረኛ ደራሲ መባልን ነው። ያን ዓይነት ልብወለድ ደጋግሞ ጻፈ፣ ደጋግመው መለሱለት፤ በሕይወቱ የታተመለት አንድ ብቻ፣ እሱም በ1975። ድህነቱ ደግሞ የጉድ ነበር፤ ለቤት እንስሳት ከሚሸጥ ሱቅ የፈረስ ሥጋ ገዝቶ መብላቱን ራሱ ተናግሯል። ቶሎ ቶሎ ለመጻፍ አምፌታሚን ይውጥ ነበር፤ አምስት ጊዜ አግብቶ አምስት ጊዜ ፈታ። የጄን ነገርም ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም፣ በጽሑፎቹ ውስጥ መንትዮች እየደጋገሙ ብቅ ይላሉ።

ማርች 2 ቀን 1982 በስትሮክ ሞተ፣ በ53 ዓመቱ። «ብሌድ ረነር» ሲኒማ የገባው በጁን ነው። አባቱ አመዱን ፎርት ሞርጋን ወስደው ከጄን ጎን አሳረፉት፤ ባዶው ቦታም ላይ ቀኑ ተቀረጸ።