አንድ ድል ያሳሳታቸው ንጉሥ፦ ፖከር ለምትጫወቱ ከዐፄ ልብነ ድንግል ሕይወት

ከአዳማ ተነስታችሁ በሞጆ በኩል ወደ ቢሾፍቱና ዱከም ስትሄዱ ግራና ቀኝ የምታዩት የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነው። አብዛኞቻችን ስልካችን ላይ አቀርቅረን ነው የምናልፈው። የዛሬ 500 ዓመት ገደማ ግን በሞጆና በዱከም መካከል፣ ሽምብራ ኩሬ በሚባል ቦታ፣ አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ ያላቸውን ሁሉ በአንድ ቀን አስይዘው ተሸነፉ። ንጉሡ ዐፄ ልብነ ድንግል ናቸው።

ይህን ታሪክ ዛሬ ያነሳነው በምክንያት ነው። ስልክ ላይ ፖከር ጀምራችሁ በውስጥ መስመር የምትጽፉልን ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁን አንድ ነገር አለ፦ ፖከር ዕድል ነው ወይስ ችሎታ? መልሱ ሁለቱም ነው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ስናሸንፍ ያሸነፍነው በዕድል ይሁን በችሎታ ለይተን አለማወቃችን ላይ። ይህን ደግሞ እንደ ልብነ ድንግል ሕይወት አድርጎ የሚያሳይ ታሪክ አላገኘንም። የሃይማኖት ክርክር ለመክፈት አይደለም፤ በሁለቱም ወገን የነበሩት የእኛው ሰዎች ናቸው። የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰንጠረዥ የሚወዱት ንጉሥ

ልብነ ድንግል በ1508 ዙፋን ላይ ሲቀመጡ ገና የ12 ዓመት ልጅ ገደማ ነበሩ። አገሩን የመሩላቸው ብልኋ እቴጌ እሌኒ ናቸው። እሌኒ የዛሬን ብቻ አይተው የሚጫወቱ ሰው አልነበሩም። ቀይ ባሕር ላይ የኦቶማን ቱርኮች ጉልበት እየበረታ እንደሚመጣ ገብቷቸው፣ በ1509 ማቴዎስ የተባለ አርመናዊ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ላኩ። አገሩ ያን ጊዜ ሰላም ነበር፤ እሳቸው ግን ለክፉ ቀን ስንቅ ያዙ። ይህችን መልእክት አትርሷት፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ልጁ ንጉሥ አድገው ሰንጠረዥ የሚወዱ ሰው ሆኑ። ቤተ መንግሥታቸው ይኖር ከነበረ አንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር የዘመኑ አውሮፓውያን ጽፈዋል። የእኛ ሰንጠረዥ ደግሞ የራሱ መላ አለው፦ ሲጀመር "ወረራ" የሚባል ምዕራፍ አለ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልን። ሰንጠረዥ ላይ የባላጋራህ ጠጠር ሁሉ ፊትህ ተደርድሯል። የተደበቀ ነገር የለም፤ ከተሸነፍክ ያላየኸው አንተ ነህ። ፖከር ላይ ግን የምታየው የራስህን ካርታና ጠረጴዛ ላይ የተገለጠውን ብቻ ነው፤ የሌላውን መገመት አለብህ። ጦርነት የሚመስለው ሰንጠረዥን ሳይሆን ፖከርን ነው።

የመጀመሪያው ድል

የዘይላው አሚር ማህፉዝ በዐቢይ ጾም ወራት እየመጡ ለብዙ ዓመታት ደጋውን ሲወሩ የኖሩ የጦር ሰው ነበሩ። በ1517 ወደ ፈጠጋር ዘለቁ። ፈጠጋር የዛሬው ምንጃርና የምሥራቅ ሸዋ ዙሪያ ነው፤ የእኛው ሰፈር ማለት ነው። ወጣቱ ንጉሥ አድፍጠው ጠበቋቸው። ማህፉዝ አንድ ለአንድ ገጥሞኝ የሚወጣ አለ ወይ ሲሉ ገብረ እንድርያስ የተባሉ መነኩሴ ወጡና ገደሏቸው። የማህፉዝ ጦር ተበተነ። በዚያው ዓመት ደግሞ ማንም ሳያስተባብራቸው የፖርቱጋል መርከቦች ዘይላን አቃጠሉ።

ንጉሡ ያን ጊዜ 20 ዓመት ቢሆናቸው ነው። የዕድሜ ልክ ባላንጣ በአንድ ቀን ወደቀ፤ የባላንጣው ወደብ በሌላ ሰው እጅ ተቃጠለ። አድፍጦ መጠበቁ ጥሩ ስልት ነበር፣ ልክ ነው። ግጥሚያውና የዘይላ መቃጠል ግን ዕድል ነበሩ። ሁለቱ ተደባለቁና አንድ ትልቅ ድል መሰሉ።

እስቲ በካርታ እንየው። ፖከር ላይ ከመነሻው ሊደርስህ የሚችለው ምርጥ እጅ ሁለት አስ ነው። በ221 እጅ አንዴ ብቻ ነው የሚመጣው። ይህን እጅ ይዘህ ማንኛውንም ካርታ ከያዘ አንድ ሰው ጋር እስከ መጨረሻው ብትሄድ ከ100 ጊዜ 85 ያህሉን ታሸንፋለህ። በቀሩት 15 ያ ምንም የሌለው ሰውዬ ይበላሃል። ያ ሰውዬ ብሩን እየሰበሰበ "ጎበዝ ነኝ" ቢል ትስቃለህ አይደል? ግን ሁላችንም በመጀመሪያው ሳምንት ያን ሰውዬ ሆነን እናውቃለን። ጀማሪን የሚያከስረው መጀመሪያ የተሸነፈው ጨዋታ አይደለም፤ መጀመሪያ ያሸነፈው ነው።

የተናቀው ስንቅ

በ1520 የእሌኒ መልእክት ፍሬ አፈራች። ማቴዎስ የፖርቱጋል ልዑካንን ይዞ ምጽዋ ደረሰ፤ እሱ ግን ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ልዑካኑ እስከ 1526 ድረስ 6 ዓመት አገራችን ውስጥ ኖሩ። አብሯቸው የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ሁሉ ጽፎ ነው የዚያን ዘመን ኢትዮጵያ ዛሬ በዝርዝር የምናውቃት።

ያን ሁሉ ዓመት ተቀምጠው ግን የጦር ትብብሩ ከወረቀት አላለፈም። ማህፉዝ ሞተዋል፣ ዘይላ ተቃጥላለች፣ ምን አስቸኮለ? ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ንጉሡ የተዘናጉት በ1517ቱ ድል ነው ይላሉ። እሌኒም በዚያው መካከል አረፉ።

ሽምብራ ኩሬ

ሐረር ላይ በዚህ ጊዜ ምን እየተደረገ ነበር መሰላችሁ? ኢማም አህመድ ኢብራሂም፣ ብዙዎች "ግራኝ" በሚለው ስም የምናውቃቸው ወጣት መሪ፣ ሰው እያሰባሰቡ ነበር። ባለቤታቸው ባቲ ድል ወንበራ የዚያው የአሚር ማህፉዝ ልጅ ናቸው። ንጉሡ ተዘጋ ያሉት መዝገብ ሐረር ላይ አልተዘጋም ነበር።

መጋቢት 1529 ላይ ሁለቱ ጦሮች ሽምብራ ኩሬ ላይ ተገናኙ። የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ የንጉሡን ጦር 16,000 ፈረሰኛና ከ200,000 በላይ እግረኛ፣ የኢማሙን ደግሞ 560 ፈረሰኛና 12,000 እግረኛ ያደርገዋል። የድሮ ጸሐፊዎች የጠላትን ቁጥር ማጋነን ይወዳሉ፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ አትውሰዱት። የንጉሡ ጦር እጅግ ይበዛ እንደነበር ግን ሁለቱም ወገን ይስማማል።

ያ ብዛት አልጠቀመም። ከየአውራጃው የተጠራ፣ በየአለቃው የሚታዘዝ ትልቅ ሠራዊት አንድ ሜዳ ላይ መምራት ከባድ ነው። የኢማሙ ጦር ትንሽ ቢሆንም የተቆራኘ ነበር። ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው አለቀ፤ ቀኑ የኢማሙ ሆነ።

በፖከር ቋንቋ ንጉሡ የገንዘባቸውን ብዛት ከካርታቸው ጥራት ጋር አምታቱት። ፊትህ የተቆለለው ብር ብዙ ስለሆነ እጅህ ያሸንፋል ማለት አይደለም። ብዙ ብር የሚጠቅመው ለትዕግሥት ነው፦ ደካማ እጅ ሲመጣ ጥሎ ለመጠበቅ፣ አንድ ሽንፈት ችሎ ለመቀመጥ። ሁሉንም በአንድ እጅ ከገፋኸው ግን ባለ 100 ብሩም ባለ 100,000 ብሩም እኩል ናቸው።

ከሽንፈት በኋላ

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይኸውላችሁ፦ ሽምብራ ኩሬ ላይ ጨዋታው አላለቀም ነበር። የኢማሙ ወታደሮች ደክመው ወደ አገራቸው መመለስ ፈለጉ፤ ኢማሙም ወደ ሐረር ተመለሱ። ንጉሡ ሁለት ዓመት ገደማ አገኙ። በ1531 ኢማሙ እንደገና ሲመጡ ግን የንጉሡ ጦር አንጾኪያ ላይ ተሸነፈ፤ በዚያው ዓመት አምባሰል ላይ ንጉሡ ራሳቸው ለጥቂት አመለጡ። ከዚያ በኋላ ያለው ከተራራ ተራራ መሸሽ ነው። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ልጃቸው ፊቅጦር ተገደለ፣ በ1539 ደግሞ ሌላው ልጃቸው ሚናስ ተማረከ። በ1540 ደብረ ዳሞ ላይ አረፉ፤ 44 ዓመት ገደማ ነበሩ።

በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ ግን ሁለት ትክክለኛ ነገር አድርገዋል። አንደኛ፣ አልተያዙም። እያሉ መቆየት ራሱ ስልት ነው፤ ከጠረጴዛው ያልወጣ ሰው ካርታ ይደርሰዋል። ሁለተኛ፣ በ1535 ጆአዎ ቤርሙዴዝ የተባለውን ሰው ወደ ፖርቱጋል ላኩ። ዘግይተውም ቢሆን ወደ እሌኒ መንገድ ተመለሱ። እርዳታው ምጽዋ የደረሰው በ1541 ነው፤ እሳቸው ከሞቱ ከወራት በኋላ። የገባው 400 ወታደር ነው፤ ትንሽ ነው፣ ግን ጠመንጃ ነበረው።

ያው ስህተት፣ በሌላው ወገን

አሁን ደግሞ ተራው የኢማሙ ነው። ነሐሴ 1542 ወፍላ ላይ በኦቶማን ጠመንጃ ያዦች እርዳታ ፖርቱጋሎቹን አሸነፉ፤ አዛዣቸውን ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማንም ማርከው ገደሉ። ትልቅ ድል ነው። ከዚያስ? ከእንግዲህ ማን አለብኝ ብለው ከጠመንጃ ያዦቹ 200 ያህሉን ብቻ አስቀርተው ሌሎቹን አሰናበቱ። ከ6 ወር በኋላ፣ የካቲት 1543፣ ወይና ደጋ ላይ የልብነ ድንግል ልጅ ዐፄ ገላውዴዎስና የተረፉት ፖርቱጋሎች ገጠሟቸው። ኢማሙ በዚያ ቀን ወደቁ።

አያችሁ? በእምነትም በወገንም የማይገናኙ ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት ስህተት ተሸነፉ። ሁለቱንም የጣላቸው ከዚያ በፊት ያገኙት ድል ነው።

ለእኛ የሚሆነው

1. ውጤቱን ሳይሆን ውሳኔህን መርምር። ካሸነፍክ በኋላ ራስህን ጠይቅ፦ ይህንኑ እጅ 100 ጊዜ ብጫወተው ስንቴ እበላለሁ? መልሱ 15 ከሆነ፣ ብሩን ኪስህ ክተትና ሁለተኛ አትድገመው።

2. ካርታ መጣል ሽንፈት አይደለም። ጥሩ ተጫዋች አብዛኛውን እጅ ይጥላል። ጀማሪ ነው ሁሉንም ማየት የሚፈልገው።

3. ሁሉንም በአንድ ቀን አታስይዝ። የቤት ኪራይ፣ የባጃጅ ገቢ፣ የእናትህ የዕቁብ ብር ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። ለመዝናኛ የመደብከው አልቆ ከሆነ፣ ጨዋታው አልቋል፤ ተነስ።

4. "አሁንስ ተራዬ ነው" የሚባል ነገር የለም። ካርታ ትናንት ስንቴ እንደተበላህ አያስታውስም። ብስጭት ላይ ሆኖ ለማስመለስ መጫወት ከአንጾኪያ ወደ አምባሰል እንደ መሄድ ነው።

5. አዘጋጁን አትርሳ። ፖከር የሚያጫውት ቤት ወይም መተግበሪያ ከየጨዋታው ድርሻውን ይቆርጣል። እኩል ችሎታ ያላቸው ጓደኛሞች ሌሊቱን ሙሉ ቢጫወቱ፣ ሲነጋ በድምሩ የጎደለባቸው እነሱ ናቸው። የስፖርት ውርርድ ቤትም እንዲሁ ነው፤ የሚሰጥህ ኦድ የእሱ ትርፍ ተቆርጦ የወጣለት ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የተጫወቱት ሜዳ ላይ ያልተሰለፉት ሰው ናቸው ብለን እናምናለን። እቴጌ እሌኒ በ1509 በሰላም ቀን የላኳት መልእክት በ32ኛ ዓመቷ አገር አተረፈች። እሳቸው ግን ውጤቱን አላዩትም። ጥሩ ውሳኔ አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ዛሬ ማታ ባይከፍልም ጥሩ ውሳኔነቱ አይቀርም።

ለማስመለስ ብሎ ቁጭ ያለ ጓደኛ ካላችሁ ይህን ላኩለት።